ቅናሹ የማን ነው? ጣልያን ለኢትዮጵያ የከፈለችው የጦር ካሳ

ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ውስጥ ባጃጅ አንድ ሕፃን ገጭቶ ገደለ። ሾፌሩም የሰፈሩ ልጅ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ግን ድሬዳዋ ውስጥ የሞት ጉዳይ ሽማግሌ ካልተቀመጠበት አለቀ አይባልም። ጉማ የሚባለው የደም ካሳ ሽምግልና መደረግ ነበረበት። የሟች ቤተሰብ ኦሮሞ ነው፣ የሾፌሩ አማራ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ሶማሌም ሐረሪም ነበሩ። እኔ የተጠራሁት ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ነው። መምህር ስለሆንኩ በሰፈሩ ጽሑፍ ያለበት ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

የሕፃኑ አያት ቁጥር ጠሩ። ከባድ ቁጥር ነበር። ከዚያ ልመናው ተጀመረ። «ስለ አላህ ብለው፣ አባባ።» አያቱ ቀነሱ። «ስለ እነዚህ ሽበቶች።» ቀነሱ። «ስለ ጉርብትናው።» አሁንም ቀነሱ። በዚህ መሃል ከሾፌሩ ወገን አንድ ወጣት ብድግ አለ። «ይሄም ይበዛል። ይህን ከከፈሉ ጎዳና ነው የሚወጡት። ግማሹ ይበቃል» አለ። በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ መሬቱን በከዘራቸው መቱት። «አንተ ተቀመጥ። ቅናሹ የባለደሙ ነው።»

ልጁ የተናገረው ውሸት አልነበረም። የሾፌሩ ቤተሰብ ድሃ ነው። ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። መጨረሻ ላይ የተቆረጠውም ቤተሰቡን የማይሰብር ቁጥር ነበር። ግን ቁጥሩ የወረደው በአያቱ አፍ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ፍጻሜ እያስተማርኩ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «አቦ ቲቸር፣ ጣልያን ለኛ ካሳ ከፍሎናል እንዴ?» አለች። «ከፍሏል፤ ቆቃ ግድብ የተሠራው በዚያ ነው» አልኳትና አለፍኩ። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ አላረካኝም። ስንት ጠየቅን? ስንት ተባለ? ስንት ተከፈለ? ከፋዩስ ምን ደረሰበት? ከሁሉም በላይ፣ ቁጥሩ ሲወርድ በማን አፍ ነው የወረደው? የሽማግሌው ከዘራ ጆሮዬ ላይ ነበር። ይህን የጻፍኩት ለዚያች ልጅ ነው።

እዚህ የሆነው

ጣልያን ኢትዮጵያን የወረረችው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በደቡብ ግንባር የጦሩ አዛዥ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ እሑድ ዕለት፣ ከ30 በላይ አውሮፕላኖች ሐረር ላይ ቦምብ ጣሉ። ሐረር ያኔ የጦር ይዞታ የሌለባት ክፍት ከተማ ተብላ ነበር። ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። የማይጨው ጦርነት የተደረገው ከዚያ በሁለተኛው ቀን ነው፤ በታሪክ መጻሕፍት የሐረር ቦምብ አንድ መስመር ብቻ የሚያገኘው ለዚህ ይመስለኛል። ማይጨው ሸፈነችው። ጣልያን ሐረርን ሚያዝያ 30 ያዘች፣ ድሬዳዋን በማግስቱ ግንቦት 1።

ድሬዳዋ ከፋሽስት እጅ የወጣችው መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉት። ሐረር ከተደበደበችበት ቀን ልክ አምስት ዓመት። ሐረር ራሷ ነፃ የወጣችው ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 17 ነው። አምስቱ ዓመት የምንለው እዚህ አካባቢ በቀን ተቆጥሮ ሞላ።

ከድሉ በኋላ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ለጉዳዬ በጣም ስለሚያስፈልገኝ እቆምበታለሁ። ድሬዳዋ የተሸናፊው ሕዝብ መተላለፊያ ሆነች። በቅኝ ግዛቱ የነበሩ የጣልያን ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ወደ አገራቸው እንዲመለሱ እንግሊዞችና ጣልያን ተስማሙ። ብዙዎቹ በባቡር ድሬዳዋ ድረስ መጥተው እዚህ በካምፕ ቆዩ። ከዚያ በመኪና ወደ በርበራ ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 ከበርበራ የጫኗቸው ነጭ ቀለም የተቀቡ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ነበሩ። ከመርከቦቹ ሁለቱ ሳተርኒያ እና ቩልካኒያ ይባላሉ። ስማቸውን ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዋል። ሕዝቡም በአብዛኛው ሰማ። የየካቲት 12 እልቂት አራት ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው። ይህን ጉማ በሚያውቅ ሰው ዓይን ካየነው፣ ባለደሙ የመጀመሪያውን ቅናሽ ሰጠ። በቀልን ተወ። ካሳውን ግን አልተወም።

የተጠየቀው

የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳቱን አስቆጥሮ ጥያቄውን አቀረበ። ቁጥሩን ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፣ ተማሪዎቹ ደመሩት። በጦር ሜዳ የሞቱ 275,000። በውጊያ የወደቁ አርበኞች 78,500። በቦምብ የሞቱ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች ሰዎች 17,800። በየካቲት 12 እልቂት 30,000። በእስር ካምፕ የሞቱ 35,000። ተፈርዶባቸው የተገደሉ አርበኞች 24,000። መንደራቸው ጠፍቶ በረሃብና በችግር ያለቁ 300,000። ድምሩ 760,300 ይመጣል።

ከዚያ ንብረቱ አለ። 2,000 አብያተ ክርስቲያናት። 525,000 ቤቶች። በሚሊዮን የሚቆጠር የቀንድ ከብት። 7 ሚሊዮን በግና ፍየል። 1 ሚሊዮን ፈረስና በቅሎ። 700,000 ግመል። ግመሉ ላይ ስደርስ ከኋላ የተቀመጠ የሶማሌ ልጅ ፉጨት አሰማ። ገባኝ። በእነሱ ዘንድ የአንድ ወንድ ነፍስ ካሳ መቶ ግመል ነው። በግመል ሒሳብ የሚያስብ ሰው ይህን ቁጥር ከእኔ ይልቅ ያነበዋል።

እነዚህ የመንግሥት ቁጥሮች ናቸው፤ ያቀረበውም ከሳሹ ራሱ ነው። ካሳ የሚጠይቅ ሁሉ ቆጥሮ ይጠይቃል። አያቱም እንዲሁ አድርገዋል። የተጠየቀው ገንዘብ 184,746,023 ፓውንድ ነበር። በጊዜው አንድ ፓውንድ 4 ዶላር ከ3 ሳንቲም ስለነበር ወደ 745 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል።

ፓሪስ ላይ

የሰላም ጉባኤው ፓሪስ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1946 ነው። 21 አገሮች ተቀመጡ። የኢትዮጵያን ልዑካን የመሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። ወሳኞቹ ግን አራት ናቸው፤ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስሟ ያልተጻፈ ሌላ አገር ነበረች፤ ጀርመን። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በቬርሳይ ውል ካሳ እንድትከፍል ተፈረደባት። እ.ኤ.አ. በ1921 ቁጥሩ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ተባለ። መክፈል ሲያቅታት በጥር 1923 የፈረንሳይና የቤልጅየም ጦር የሩር ኢንዱስትሪ አካባቢዋን ያዘ። ሠራተኛው ሥራ አቆመ። መንግሥቷ ለሠራተኛው ደሞዝ ለመክፈል ብር ማተሙን ቀጠለ። በኅዳር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደረሰ። ጡረተኛው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ይዞ ዳቦ መግዛት አቃተው። ዕዳው በ1924 ተስተካከለ፣ በ1929 እንደገና ተቀነሰ፣ በ1932 ሎዛን ላይ በተግባር ቆመ። በዓመቱ ሂትለር ሥልጣን ያዘ።

ለዚህ ሁሉ ጥፋቱን ካሳው ላይ ብቻ መጣል ትክክል አይመስለኝም። ጀርመን ጦርነቱን ያካሄደችው በብድር ነው፤ የገንዘቧ ዋጋ መውደቅ የጀመረው ከካሳው በፊት ነው። የተከፈለውም ከተጠየቀው ትንሹ ክፍል ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ለእያንዳንዱ መከራው አንድ ስም አገኘ። ዳቦ ተወደደ፣ ካሳ ነው። ሥራ ጠፋ፣ ካሳ ነው። ክፋት ይዞ ለሚመጣ ፖለቲከኛ ከዚህ የሚጥም ነገር የለም። ከዚያ ዘመን የተረፈው የቦንድ ዕዳ ወለድ የመጨረሻው ክፍያ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2010 ነው። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው አላመኑኝም።

ስለዚህ ፓሪስ የተቀመጡት ኃያላን ጣልያንን ሁለተኛ ጀርመን ማድረግ ፈሩ። ፍርሃቱ ትክክል ነበር። ጣልያን ያኔ ወድቃለች። ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ጋር ሲተያይ ዋጋው በብዙ አሥር እጥፍ ንሯል። ከተሞቿ ፈርሰዋል። ኮሚኒስት ፓርቲዋ ጠንካራ ነበር፤ ምዕራባውያን ደግሞ እንዳታመልጣቸው ይጨነቁ ነበር። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለራሳቸው ካሳ አልጠየቁም።

ውሉ የተፈረመው የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1947። ካሳው በአንቀጽ 74 ተቆረጠ። ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን ዶላር። ለግሪክ 105። ለሶቪየት ኅብረት 100። ለኢትዮጵያ 25። ለአልባኒያ 5። ጠቅላላ 360 ሚሊዮን።

745 ተጠይቆ 25። ከመቶ 3 ከምናምን።

አሁን ወደ ሽማግሌው ከዘራ ልመለስ። ይህን ቅናሽ የሰጠው ማን ነው? አያቱ አይደሉም። ከጎን የተነሳው ወጣት ነው። «ይህን ከከፈለች ትወድቃለች» አለ፣ እውነቱንም ነው፤ ከዚያም የሌላውን ደም ራሱ ቀነሰ። ለተሸናፊው መራራት አልቃወምም። የጀርመንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው አይቃወምም። የሚቆጠቁጠኝ ሌላ ነው። የርኅራኄውን ዋጋ የከፈሉት አዛኞቹ አይደሉም። የግመል መንጋው ያለቀበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ነው የከፈለው።

ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልጨምር፤ ኢትዮጵያ ፓሪስ ላይ ያገኘችው ትልቅ ነገር አለ። ለሌሎቹ ጦርነቱ የሚጀምረው ጣልያን ከሂትለር ጋር ከተሰለፈችበት ጊዜ ነው። ለኢትዮጵያ ግን ውሉ የሚቆጥረው ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1935 ጀምሮ እንደሆነ በግልጽ ተጻፈ። ያ መስከረም 22 ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ያላስቆመው ወረራ ጦርነት ተብሎ በውል ተመዘገበ። አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ይህን ማስጻፋቸው ከ25 ሚሊዮኑ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ካሳው እንዴት እንዲከፈል ተወሰነ

እዚህ ላይ ነው ከቬርሳይ የተማሩት ነገር በደንብ የሚታየው። ጀርመንን ካነቁት ነገሮች አንዱ የውጭ ምንዛሪ ነበር። ወርቅና ዶላር አምጪ ትባላለች፣ ያንን ለማግኘት መሸጥ አለባት፣ ገዢ የለም። የጣልያን ካሳ በጥሬ ገንዘብ እንዲሆን አልተፈለገም። በዕቃ ነው። የጦር መሣሪያ ይሠሩ ከነበሩ ፋብሪካዎች ማሽን፣ ከዚያ የፋብሪካ ምርት፣ ከዚያ ሌላ የካፒታል ዕቃና አገልግሎት። የመክፈያው ጊዜ ሰባት ዓመት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከፋብሪካ ምርት ምንም አይወሰድም፤ ትተንፍስ ነው ነገሩ። አቅርቦቱም የጣልያንን ኢኮኖሚ መልሶ ግንባታ እንዳያደናቅፍ ተጻፈ። ሌላም አለ። ለምርቱ ከውጭ የሚገባ ጥሬ ዕቃ ካስፈለገ የሚያቀርበው ካሳ ተቀባዩ ነው፤ ዋጋው ከሚወስደው ዕቃ ላይ ይታሰብለታል። አያቱ «ማካካሻ በሬ ስጠኝ» ሲሉ «ሣሩን አንተ አምጣ» እንደማለት ነው።

ለከፋዩ ግን ይህ መንገድ ደግ ነው። ፋብሪካው ይሠራል፣ ሠራተኛው ደሞዝ ያገኛል። ፊንላንድን ተመልከቱ። ለሶቪየት ኅብረት 300 ሚሊዮን ዶላር በመርከብና በማሽን እንድትከፍል ተፈረደባት። እ.ኤ.አ. በ1952 ጨርሳ ከፈለች። ስትጨርስ የብረታ ብረትና የመርከብ ኢንዱስትሪዋ ከበፊቱ ተጠናክሮ ነበር። ዕዳው ብዙ ላብ አስከፍሏታል፣ ግን አልሰበራትም።

መርከቦቹን ያዙልኝ ብዬ ነበር። አንቀጽ 74 ሳተርኒያንና ቩልካኒያን በስም ይጠራቸዋል። ከካሳ ተቀባዮቹ አገሮች አንዱ በወቅቱ ከጠየቀ፣ ዋጋቸው ተተምኖ በካሳው ሊታሰቡ ይችሉ ነበር። ይህን ሳነብ ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት። ከድሬዳዋ ካምፕ የወጡትን እናቶችና ሕፃናት ከበርበራ ጭነው ያደረሱት እነዚህ መርከቦች፣ ለእኛም ሊደርሱ በሚችሉ ንብረቶች ዝርዝር ላይ ነበሩ። መጨረሻቸው ግን ወደ ጣልያን የመንገደኛ መስመር መመለስ ሆነ። ሁለቱም ለዓመታት አትላንቲክን ሲያቋርጡ ኖሩ።

ጣልያን ምን ሆነች?

በአጭሩ፣ ካሳው አልጎዳትም። ዋናው ዕዳዋ 360 ሚሊዮን ነው፤ በማርሻል ፕላን ብቻ ከአሜሪካ ያገኘችው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የበጀት ሚኒስትሯ ሉዊጂ ኢናውዲ ብድርን አጥብቆ የዋጋ ንረቱን አቆመው። በ1950ዎቹ ፋብሪካዎቿ አበቡ። በታኅሣሥ 1955 የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። በ1957 የአውሮፓ የጋራ ገበያ ውል የተፈረመው ሮም ላይ ነው።

የሚያማት ሌላው ነበር። ሊቢያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን ለቀቀች። በሰሜን ምሥራቅ ድንበሯ መሬት ለዩጎዝላቪያ ሰጠች። ባሕር ኃይሏ ተቆረጠ። አገር ውስጥ ውሉ ሲነሳ የሚያስለቅሰው ይኼ ነበር። ለኢትዮጵያ የሚከፈለው ካሳ ግን የማንም ጣልያናዊ ኪስ አልነካም። ጥሩ ነው። ችግሩ ኅሊናም አልነካም። በጉማ ገንዘቡን ሾፌሩ ብቻውን አይከፍልም። አጎት ያዋጣል፣ የአክስት ልጅ ያዋጣል፣ እያንዳንዱ ለምን እንደሚያዋጣ ያውቃል። ጣልያን ውስጥ ግን ካሳ እየከፈልን ነው፣ የምንከፍለው ለዚህ ጥፋት ነው ብሎ ለሕዝቡ በግልጽ የነገረ አልነበረም።

ውጤቱን ለማየት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ላይ ለተፈጸመው አንድም የጣልያን አዛዥ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ግራዚያኒ የተከሰሰው ከጀርመን ጋር በመተባበር ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. 19 ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል የጣልያን ከተማ የመታሰቢያ ሕንፃ ቆመለት። የመርዝ ጋዙን ነገር አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ሲያወጣ ለዓመታት ተሰደበ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን ያመነው በ1996 ነው። ፕሬዚዳንት ስካልፋሮ አዲስ አበባ መጥተው ጸጸታቸውን የገለጹት በ1997። ከወረራው በኋላ ስድሳ ዓመት ማለት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ጥበቃ፣ ከዚያ ቆቃ

ውሉ በሥራ ላይ የዋለው መስከረም 4 ቀን 1940 ዓ.ም. ነው። ገንዘቡ አልመጣም። የሁለቱ አገሮች ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ራሱ የታደሰው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። ክርክሩ ተጎተተ። በመጨረሻ የካቲት 26 ቀን 1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዲስ ስምምነት ተፈረመ። 25ቱ ሚሊዮን ወደ 16.3 ሚሊዮን ዶላር ወረደ።

ይህን ሁለተኛ ቅናሽ የፈረመው የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ ነው። ስለዚህ በባለደሙ አፍ ወረደ ልንል እንችላለን። እኔ ግን ልቤ ሙሉ ለሙሉ አይቀበለውም። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው የሚሰጠው ቅናሽ ከልመና በኋላ እንደሚሰጥ ቅናሽ አይደለም። ደክሞት ነው። አገሪቱ መብራት ያስፈልጋት ነበር።

መብራቱ መጣ። ቆቃ ግድብ በዚህ ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. አለቀ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው፣ 43.2 ሜጋ ዋት። ዛሬ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ያኔ ግን ትልቁ ነበር። የወንዙን ውኃ ስለሚይዝ ከታች ያሉት አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የተተከሉት በእሱ ላይ ተመሥርተው ነው። የቆላው መስኖም እንዲሁ። ከድሬዳዋ በመኪና ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ሞጆ አካባቢ ሲደርስ ሐይቁ ከመንገዱ አይርቅም። የገበሬና የአርብቶ አደር የግጦሽ መሬት በሐይቁ ሥር ገብቷል፤ ስለ ቆቃ ሲወራ ይህ ይረሳል። ደለሉም ከዓመት ዓመት ሐይቁን እየሞላው ነው።

ግድቡን እወደዋለሁ። ጠቅሞናል። ግን ሰዎቹ ያኔም ዛሬም ቆቃን «ጣልያን የሠራልን» ይሉታል። ካሳ መሆኑ ቀረ። ስጦታ መሰለ። በርጫ ላይ ስቀመጥም የምሰማው እሱን ነው፤ «ጣልያን እኮ መንገድ ሠርቷል፤ የደንገጎን ዳገት እይ።» መንገዱን ሠርቷል፣ አልክድም። የሠራው ግን ጦሩ እንዲሄድበት ነው። የሕፃኑን አያት ለማስታረቅ የሄደ ሰው ባጃጁ ከዚያ በፊት ሰፈሩን ብዙ ጠቅሟል ብሎ ቢጀምር ምን ይባል ነበር?

ሐረር አንድ ጊዜ ያየችው ሌላ ውል

ይህን ሁሉ እየጻፍኩ ሳለ ሐሳቤ ከ1948ቱ ስምምነት ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ከአድዋ ድል በኋላ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ። አብሮት ስለ ምርኮኞች የተለየ ስምምነት ነበር። ወደ 1,900 የሚጠጉ የጣልያን ምርኮኞች ሐረር ላይ ተሰብስበው ለጣልያን መልእክተኛ እንዲሰጡ፣ ከዚያ ወደ ዘይላ እንዲወርዱ ተባለ። የሐረር ገዥ ያኔ ራስ መኰንን ናቸው። ድሬዳዋ ገና አልተወለደችም፤ ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። የጣልያን ቀይ መስቀል እስከ ጊልዴሳ ድረስ መጥቶ እንዲቀበላቸው ተፈቀደ። ጊልዴሳ ከዛሬዋ ድሬዳዋ ሩቅ አይደለም፤ የቅፍለት መንገድ ማረፊያ ነበረች።

በዚያ ስምምነት ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ። ኢትዮጵያ ምርኮኞቹን ለማኖርና ለመሰብሰብ ብዙ ወጪ እንዳወጣች ጣልያን ታምናለች፤ ወጪው እንዲመለስ ይገባል ይላል። ቀጥሎ ግን አፄ ምኒልክ ቁጥሩን እንደማይወስኑ፣ ለጣልያን መንግሥት ርትዕ እንደሚተዉት ይናገራል። ኋላ የተከፈለው 10 ሚሊዮን ሊሬ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህ የዋህነት ነው ይላሉ። አሸንፎ ዋጋ አለመጥራት ምን ይባላል ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። መጀመሪያ ተሸናፊው ዕዳ እንዳለበት በጽሑፍ አመነ። ከዚያ ባለመብቱ በገዛ አፉ «ቁጥሩን አንተ ጥራው» አለ። ያ የጉማ ቋንቋ ነው። አያቱ መጨረሻ ላይ ያደረጉት እሱን ነው። የሾፌሩ አባት ባዶ እግሩን ቆሞ ጥፋቱን ሲናገር፣ ከቀረው ላይ አንድ እጅ አንስተው «ይህን ለልጅህ ትምህርት» አሉ። ያዘዛቸው የለም።

በ1928 ዓ.ም. ወራሪው ሲመጣ ለአድዋ እንደሚበቀል በግልጽ ተናግሯል። ተሸናፊን አለመጫን ሁልጊዜ ሰላም ያመጣል ማለት አልችልም። ጣልያን በአድዋ ማግስት የሚከብድ ካሳ አልተጫነባትም፣ ሆኖም ቂሟን አርባ ዓመት ይዛው ኖረች። ጀርመን ተጫነባት፣ ቂሟ ሃያ ዓመት ብቻ ፈጀ። ቂምን የሚያበስለው የገንዘቡ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አይመሳሰሉም ነበር። ተሸናፊው የደረሰበትን ለሕዝቡ እንዴት ነው የሚያስረዳው? ከጥፋቱ ጋር አያይዞ ነው ወይስ ጥፋቱን ጥሎ ውርደቱን ብቻ? የኔ ጥርጣሬ እዚያ ላይ ነው።

የቀረው ዕዳ

ከገንዘቡ ውጭ ውሉ ሌላ ግዴታም ነበረው። አንቀጽ 37 ጣልያን ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ዕቃዎች፣ ሰነዶችና ታሪካዊ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። የአክሱም ሐውልት ሮም ቆሞ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ስምምነት እንደገና ቃል ተገባ። ሐውልቱ ተቆራርጦ በአውሮፕላን አክሱም የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ተመልሶ የቆመው በ2008። አሥራ ስምንቱ ወር ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነ። ይህን ዕዳ ለመክፈል ግን የጣልያን ኢኮኖሚ አይወድቅም ነበር። የተሸናፊው ድህነት እዚህ ላይ ሰበብ ሊሆን አይችልም።

ይህን ሁሉ ይዤ ክፍል ገባሁ። ልጆቹን 16.3 ሚሊዮንን ለ760,300 አካፍሉ አልኳቸው። ለአንድ ሟች 21 ዶላር ከ44 ሳንቲም ይደርሳል። ይህ ለነፍስ ብቻ ነው፤ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ግመሉ ምንም ሳይታሰብ። ክፍሉ ዝም አለ። የሶማሌው ልጅ ደብተሩ ላይ ስንት ግመል እንደሚገዛ ሊያሰላ ጀመረና ተወው።

ጥያቄውን የጠየቀችኝ ልጅ አያቷ የሐረር ሰው ናቸው። ደወል ሲደወል ሌሎቹ ወጡ፣ እሷ ሰሌዳው አጠገብ ቀረች።

«ቲቸር፣ ሐረር ላይ በቦምብ የሞቱት የቱ ውስጥ ነው የተቆጠሩት?» አለችኝ።

ሦስተኛውን መስመር አሳየኋት። በቦምብ የሞቱ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች ሰዎች፣ 17,800። ቆማ ገለበጠችው። ከጎኑ ቀኑንም ጻፈች፤ መጋቢት 20።